ሠላሳው ብር ለማን ይከፈላል? የአሰልጣኞችን ክህደት የሚመለከት መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ በመቀመጥ ነው። ናሙናው የተመረጠው «ቀድሞ የመጣ ከፊት ይቀመጣል» በሚለው ዘዴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ክህደቱም የፈረንጅ ነውና። የተነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ አሰልጣኝ ክለብ ሲቀይር ለምን ይሁዳ ይባላል?

በቅድሚያ የቃላት ፍቺ። አሰልጣኙ በራሱ ፈቃድ ከሄደ ግሡ «ከዳ» ነው። ክለቡ ካባረረው ደግሞ «በስምምነት ተለያዩ» ይባላል፤ ከተስማሚዎቹ አንዱ ወሬውን ከሬዲዮ የሰማ ቢሆንም እንኳ። ከዚህ ቀጥሎ «ብር አይቶ ነው» የሚለው ትንታኔ ይመጣል። ትንታኔውን የሚሰጡት ሰዎች አምና የተሻለ ደመወዝ አግኝተው መሥሪያ ቤት መቀየራቸው ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

የዘርፉ ዋና ማስረጃ አሰልጣኝ ሃሪ ሬድናፕ ነው። ፖርትስማውዝና ሳውዝሃምፕተን በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ የሚገኙ ጎረቤት የወደብ ከተሞች ናቸው፤ ጉርብትናቸው ግን «ደህና ዋላችሁ» የሚያሰኝ አይደለም። ሬድናፕ ፖርትስማውዝን በ2003 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገ። በ2004 መገባደጃ ከክለቡ ባለቤት ጋር ተኳርፎ ለቀቀ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶም ሳውዝሃምፕተን ወንበር ላይ ተገኘ። ይሁዳ ተባለ። በቀጣዩ ኤፕሪል ይዞት የሄደው ሳውዝሃምፕተን በፖርትስማውዝ ሜዳ 4 ለ 1 ተቀጣ፤ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅም ከ27 ዓመት በኋላ ከዋናው ሊግ ወረደ። በዲሴምበር 2005 ሬድናፕ ወደ ፖርትስማውዝ ተመለሰ። የተቀበለው ያው የተኳረፈው ባለቤት ነበር። ደጋፊውም ጥቂት አጉረምርሞ ዝም አለ፤ በ2008 ካርዲፍን 1 ለ 0 አሸንፈው የኤፍ ኤ ዋንጫን ሲያነሡ ደግሞ ማጉረምረሙንም ረሳው። ወንጌሉ ይሁዳ ተመልሶ መጣ፣ ዋንጫም አነሣ አይልም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ቶተንሃም ጠራው፤ ሄደ።

ጥናቱ አዲስ ግኝት አለኝ የሚለው እዚህ ላይ ነው። በወንጌሉ ሠላሳውን ብር የተቀበለው ከዳተኛው ነበር። በእግር ኳስ ግን ካሣውን የሚቀበለው ተከዳሁ ባዩ ነው። ቶተንሃም ለፖርትስማውዝ የከፈለው 5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ደጋፊው መንገድ ላይ ሲያለቅስ የክለቡ ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ ይቆርጥ ነበር ማለት ነው። እንባውም ደረሰኙም እውነተኛ ናቸው፤ አንድ ክለብ በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያወጣ መቻሉን ግን እስካሁን በቅጡ ያስተዋለ የለም።

ግኝቱን በሌላ ጉዳይ ፈትነነዋል። በሴፕቴምበር 2022 ቼልሲ ግራሃም ፖተርን ለመውሰድ ለብራይተን ከ21 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ። ለፖተር የአምስት ዓመት ውል ተሰጠው። በኦክቶበር ቼልሲን ይዞ ወደ ብራይተን ሲመለስ ሜዳው በሙሉ ጮኸበት፤ ጨዋታውም በብራይተን 4 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ። ከአራቱ ሁለቱን በገዛ መረባቸው ያስቆጠሩት የቼልሲ ተጫዋቾች ስለሆኑ፣ የታማኝነት ጉዳይ ወደ ተከላካይ መስመርም እንደሚዘልቅ ይጠረጠራል። ፖተር ሰባት ወር ሳይሞላው ተሰናበተ። ቼልሲ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ተከዳሁ ያለው ብራይተን 6ኛ ወጥቶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ መድረክ ትኬት ቆረጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ቢያንስ የአምስት ዓመት ውል አልፈረመችም።

ከሁለቱ ጉዳዮች «የ4 ለ 1 ሕግ» ብለን የሰየምነውን አግኝተናል፦ የከዳ አሰልጣኝ ከተከዳው ክለብ ሜዳ 4 ለ 1 ተሸንፎ ይመለሳል። ናሙናው ሁለት ብቻ ነው ለሚል፣ ነገር በሁለት ምስክር እንደሚጸና እናስታውሳለን። በ2010 የኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በዕዳ የተዘፈቀው ፖርትስማውዝ የሬድናፕን ቶተንሃም 2 ለ 0 ማሸነፉ ከሕጉ ጋር ስላልገጠመ ከናሙናው ተወግዷል።

ለማነጻጸሪያ ያልከዳ ሰው መፈለጉ ቀላል አልነበረም። አርሴን ቬንገር አርሰናል ውስጥ 22 ዓመት ቆየ። ታማኝነቱ ያስገኘለትን ምስጋና ለማየት ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል። በማርች 2017 አርሰናል ከዌስትብሮም ጋር ሲጫወት ደጋፊዎች አውሮፕላን ተከራይተው «ውሉ ይቅርብን» የሚል ጨርቅ አስጎተቱ። ሌሎች ደጋፊዎችም ሌላ አውሮፕላን ተከራይተው «እናምንሃለን» አሉ። ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው ተረት በዚህ መልክ ይፈተናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አርሰናል 3 ለ 1 ተሸነፈ።

አንድ ሰነድ ቀርቷል። ፖርትስማውዝ ከተማ ለዋንጫው ውለታ ሬድናፕን የከተማዋ የክብር ሰው ልታደርገው ቀጠሮ ይዛ ነበር። ቀጠሮው ኦክቶበር 28 ቀን 2008 ላይ ዋለ፤ ቶተንሃም ከገባ ገና ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ሥነ ሥርዓቱ አልተሰረዘም። ሬድናፕም አልቀረም። ከታዳሚው የተወሰነው አጨበጨበ፣ የተወሰነው ጮኸበት፤ እሱም ክብሩን ተቀበለ።