የአንቱታን አሰጣጥና አነፋፈግ ለመወሰን የወጣ ቁጥር አልባ አዋጅ

በችሎት አዳራሽ የሚገኘው አክብሮት ውስን በመሆኑና ከመድረኩ ተርፎ ወደ ባለጉዳዩ አግዳሚ ከፈሰሰ ሊያልቅ እንደሚችል በመሠጋቱ፤

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ሊጠበቅለት እንደሚገባ ቢደነግግም፣ «ከችሎት ውጭ» የሚለው ሐረግ ሲታተም የተዘለለ መሆኑ ስለታመነበት፤

የሐዋሳ ነዋሪ፣ ሐይቅ ዳርም ይኑር ታቦር፣ መናኸሪያም ይኑር ቱላ፣ ቤቱ «አንቱ» ሲባል አድሮ ጠዋት ችሎት ሲገባ ግራ እንዳይጋባ ወጥ አሠራር መዘርጋት በማስፈለጉ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአንቱታ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም፤ መዝገቡ አልደረሰም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«ባለጉዳይ» ማለት የቆመ ሰው ነው። «ፍርድ ቤት» ማለት የተቀመጠ ሰው ነው።

አንቀጽ 3፦ ወደ ላይ ስለሚወጣ አክብሮት
ባለጉዳይ አፉን በከፈተ ቁጥር «ክቡር ፍርድ ቤት» ይላል። የጻፈው አቤቱታ እውነት መሆኑን በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት ያረጋግጣል። ፍርድ ቤቱን ከዘለፈ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 መሠረት ሊታሰር ይችላል። ፍርድ ቤቱ እሱን ከዘለፈው ግን ድርጊቱ ተግሣጽ ይባላል።

አንቀጽ 4፦ ወደ ታች ስለሚወርድ አክብሮት
1) ማንኛውም ባለጉዳይ «እርስዎ» ይባላል።
2) በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም የሚከተሉት «አንተ» ወይም «አንቺ» ይባላሉ፦
ሀ) ተከሳሽ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱ ግን እንደተጠበቀ ነው፤
ለ) ከሳሽ። ይህም በአንቀጽ 25 የተረጋገጠው እኩልነት እንዳይጓደል ነው፤
ሐ) ምስክር፣ በተለይ ከገጠር የመጣ፣ ይልቁንም ኮንጎ ጫማ ያደረገ፤
መ) ጠበቃ ያላቆመ ሰው። ጠበቃ ካቆመ ጠበቃው «እርስዎ» ይባላል፤ ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፤
ሠ) በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው። ሲዳምኛም ይሁን ወላይትኛ፣ አክብሮ የተናገረው ወደ መድረኩ ሲወጣ አክብሮቱ እንዳለ ይተረጎማል፤ መልሱ ሲወርድ ይራገፋል፤
ረ) ልጅ ያዘለች ሴት። ልጁ ካለቀሰ ሁለቱም ይወጣሉ፤
ሰ) ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ሰው።
3) በንዑስ አንቀጽ 2(ሰ) የተመለከተው ሰው የሚከተሉትን ካሟላ «እርስዎ» ሊባል ይችላል፦
ሀ) በመጀመሪያው ጥሪ፣ ስሙ በስህተት ቢነበብም እንኳ፣ «አቤት» ካለ፤
ለ) ጆሮው ከብዶት «እ?» ካላለ፤
ሐ) ባርኔጣውን ካወለቀ፣ ያወለቀበትን እጅም በኪሱ ካልከተተ፣ ወደ ኋላ ካላጣመረ፣ ደረቱ ላይ ካላነባበረ፤
መ) ከዘራ ካልያዘ።
4) የንዑስ አንቀጽ 3(መ) ምክንያት ይህ ነው። በአንድ ችሎት የወሰን ክርክር ያላቸው አንድ አባት ቀረቡ። ስማቸው ሲጠራ «አቤት» አሉ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። «አንተ! ከዘራህን ጣልና ቀጥ ብለህ ቁም!» ተባሉ። ጣሉት። ቀጥ ብለው ለመቆም ግን የሚያስፈልጋቸው ያው ከዘራ ነበር። አግዳሚውን ይዘው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። «አንተ» ያላቸው ሰው በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ሊሆን ይችላል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንቀጽ 449ን ሁሉም ያውቃታልና የተነፈሰ የለም። ጉዳያቸው አልተሰማም፤ «ተለዋጭ ቀጠሮ» ተባሉና ከዘራቸውን ተረኛው ፖሊስ አንሥቶ ሰጣቸው። ይህ ንዑስ አንቀጽ ፌዝ አይደለም። የትኛው ሕግ ነው ሽማግሌን ከዘራ አስጥሎ ማቆም የችሎት ክብር ነው ያለ?
5) የንዑስ አንቀጽ 4 የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ከአዋጅ አጻጻፍ ሥርዓት ውጭ ስለሆነ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ስልክ
የባለጉዳይ ስልክ ይዘጋል። የመድረኩ ስልክ ይነሣል።

አንቀጽ 6፦ ተፈጻሚነት ስለሌላቸው ልማዶች
የሲዳማ ሽማግሌዎች በአፊኒ ሥርዓት ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ተናጋሪው ነገሩን እስኪጨርስ የሚያዳምጡበት ልማድ በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። ዛፍ ሥር ሽማግሌ የሚናገረው ከዘራውን ይዞ ነው።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ ሲሠራበት ስለኖረ የሚጸናበትን ቀን መወሰን አላስፈለገም። የሚሻረው አንድ ዳኛ ከመድረኩ ሆኖ «አባቴ፣ ከዘራዎን ይያዙ፤ ተቀምጠው ይናገሩ» ባለ ዕለት ነው። ለዚህም ማሻሻያ ሕግ፣ በጀትም ሆነ ሥልጠና አያስፈልግም።