የጎረቤቴ ጤና አዳም

ቴሌግራም ላይ አንዲት ትንሽ ግሩፕ አለችን። የተከፈተችው አብረን የተማርን ልጆች እንዳንጠፋፋ ነበር። ዛሬ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቀረነው አዲስ አበባ ሆነን ምሽት ምሽት በትርፍ ጊዜያችን ስለምንሠራው ነገር እንጨዋወትባታለን። አንዱ ክራር ይመታል፣ አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፣ አንዷ በረንዳዋ ላይ አትክልት ትተክላለች። እኔ እመክራለሁ።

እርግጥ ምክርን ከነሱ ሥራ ጋር አንድ ላይ መቁጠር አይገባም። እነሱ የሚሠሩት በትርፍ ጊዜያቸው ነው፤ እኔ ግን በሥራ ሰዓትም እመክራለሁ።

ከክራሩ ልጀምር። ክራር አለኝ። ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ከአንዱ የገዛሁት ነው፤ ገበቴው ላይ የአክሱም ሐውልት ተሥሎበታል፣ ቀንበሩ ላይ ዛጎል ተደርድሮበታል። ሻጩ «ለግድግዳ ነው ወይስ ለመምታት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ተቀየምኩና «ለመምታት ነዋ!» አልኩት። ሰውየው አየት አደረገኝና ሳልከራከረው ዋጋውን ቀነሰልኝ። ክራሩ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ነው።

ስለ ክራር የማውቀውን ብትሰሙ ግን ትገረማላችሁ። ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚደግም መሆኑን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ቅኝቶች መሆናቸውን፣ ክሩ ድሮ ከጅማት ይሠራ እንደነበርና ዛሬ ናይለን እንደተተካበት፣ ድርድር ከግርፍ በምን እንደሚለይ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። የካሣ ተሰማን ክራር ከአስናቀች ወርቁ ክራር ዐይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። (ሁለቱም እየዘፈኑ ይመቱ ስለነበር፣ እሱ ወንድ እሷ ሴት ስለሆኑ፣ ይህ እንኳ ብዙ አያስመካም።)

የድሮ የሒሳብ መምህራችን ጡረታ ከወጡ በኋላ ግሩፑ ውስጥ አስገባናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ክራር የጀመሩት በስተርጅና ነው፤ አንድ ማታ ትዝታ መትተው በቮይስ ላኩልን። ሁሉም «እጅዎ ይባረክ» ሲል እኔ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ክር ትንሽ ወርዷል» ብዬ ጻፍኩ። ለምን ሦስተኛው? እንጃ። ሁለተኛው ብል ገና ጀማሪ እመስል ነበር። ጋሼ ክሩን ፈትሸው «እውነትህን ነው፣ ጆሮህ ጥሩ ነው» አሉኝና በዚያው ተበላሸሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን ክር ያላስጠበቅሁት ሰው የለም።

መጥፎው ነገር ጋሼ «አንተም መትተህ ላክልን» ማለት መጀመራቸው ነው። ክሩ ተበጠሰብኝ አልኩ። ሳይውል ሳያድር አዲስ ክር በሰው ላኩልኝ። ቀንበሩ ተሰነጠቀ አልኩ። «አናጢ አውቃለሁ» አሉ። ጣቴን ቆርጦኛል አልኩ። «የትኛውን?» አሉ። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ ሰበብ ሲቆጥሩ አይሳሳቱም። የላኩልኝ ክር እስከ ዛሬ ከነፖስታው መሳቢያ ውስጥ አለ።

የዱባዩ ወዳጃችን ቼዝ ይጫወታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሸነፋል። በተሸነፈ ቁጥር የኛን አገር ሰንጠረዥ እነግረዋለሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በጻፉት ጥናት ላይ ያነበብኩት ነው። በድሮው ሰንጠረዥ የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ በቻሉት ፍጥነት፣ ዕቃቸውን እያንቀሳቀሱ ሰልፋቸውን ያሳምራሉ። አንዱ የሌላውን ዕቃ የበላ ዕለት ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል። ይህን ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወረራ ላይ ነኝ፤ ፈረሱን አወጣለሁ፣ ፈረሱን እመልሳለሁ፣ ሰልፌን አሳምራለሁ፣ አንዲት ዕቃ ግን በልቼ አላውቅም። የዱባዩ ልጅ ታሪኩን በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ፣ አሁን ና አንድ ጨዋታ እንጫወት» አለኝ። ኔትወርክ ጠፋብኝ።

ስለ ቴምብር ብዙ አልልም። የፍራንክፈርቱ ወዳጄ የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ቴምብሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙትን ሰባቱን፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ አሟልቶ ሲጨርስ ፎቶ አንሥቶ ላከልን። የሰውየው ደስታ ይታያችሁ። እኔ ወዲያው «አራቱ ትንንሾቹ ላይ ያሉት ምኒልክ ናቸው፣ ሦስቱ ትልልቆቹ ላይ አንበሳው፤ ቅርጹን ያወጣው ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «አውቃለሁ፣ ፊቴ ናቸው» አለኝ። የኔ ስብስብ ከአባቴ ደብዳቤ ላይ በእንፋሎት እልጣለሁ ብዬ የቀደድኩት ቴምብር ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስንፍና ነው፤ ሰነፍን ሰው ይታገሠዋል። የጤና አዳሙ ነገር ግን ሌላ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እኅታችን ለቡናዋ ብላ ጤና አዳም ተክላ ነበር። የዚያ አገር ብርድ ሲገባ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። ማንም ሳይቀድመኝ መለስኩ። ውኃ አታብዢበት፣ ሥሩ ረግረግ አይወድም። ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አስጠጊው። ስትቀነጥሺም ጭማቂው ቆዳሽን ነክቶት ፀሐይ ላይ እንዳትቆሚ፣ ይለበልብሻል። አንዱም ስሕተት የለበትም። ይህን ያወቅሁት የራሴን ጤና አዳም በውኃ አጥለቅልቄ ከገደልኩ በኋላ ነው። እሱን ብነግራት ኖሮ ምን ነበረበት? እሷ ግን «አንተም ተክለሃል እንዴ ወንድሜ?» ስትለኝ እጄ «እንዴታ!» ብሎ ጻፈ።

«እስቲ ፎቶ ላክልኝ!»

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከበሬ ውጪ፣ የጋራ መተላለፊያው ላይ፣ የጎረቤቴ የእማማ ጤና አዳም አለ፤ ግማሹ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ እንደ ልቡ የበቀለ። ወጥቼ አነሣሁትና ላክሁት። ግሩፑ ተንጫጫ። ጋሼ ሳይቀሩ «ክራሩን ተወው፣ አንተ የተፈጠርከው ለዚህ ነው» አሉኝ። ሰው ሆዱ ሲሞላ የሚሰማውን ነገር ያን ማታ በሌላ ሰው ቅጠል ተሰማኝ።

ከዚያማ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ፎቶ ይጠበቅብኝ ጀመር። የእማማ የታጠበ ልብስ እንዳይታይ በየት በኩል መንበርከክ እንዳለብኝ ተማርኩ። አንድ ቀን ተሳሳትኩና ጀሪካኑ ሥር ያለው ነጠላ ጫማቸው አብሮ ተነሣ። የዱባዩ ልጅ «ያ የሴት ጫማ የማን ነው?» ብሎ ጻፈ። ብዙ ቀን የግሩፑ ወሬ የኔ ትዳር ሆነ፤ እኔም አልካድኩም። ያ ውሸት ሳልደክምበት በምርቃት የመጣልኝ ነው።

ለገና እማማ ጤና አዳሙን ለራሳቸውም ለዘመድም ቀነጣጥበው ጉቶ አስቀሩት። ግሩፑ ሲጠይቀኝ ውርጭ መታው አልኩ። «ውርጭ? ጀሞ? ሦስተኛ ፎቅ?» አለ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ። ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ ላነሣ ጀሪካኑ ፊት ተንበርክኬ ሳለሁ እማማ በራቸውን ከፈቱ።

«ምነው ልጄ? ምን ወደቀብህ?»

«ኧረ ምንም እማማ። ይህ ጤና አዳምዎ... በጣም ስለምወደው ነው።»

ፊታቸው በራ። «እኔስ እዚህ ስትመላለስ አይቼህ ነበር! ለጥምቀት ጎንደር ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ለማን አደራ ልስጠው እያልኩ ስጨነቅ ነበር።»

ውኃ አለማጠጣት የሚባል አደራ ለኔ አይሆንም። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እማማ ትዝ ይሉኛል፣ ግሩፑ ትዝ ይለኛል፣ ጆጉን አነሣለሁ። ያቆጠቆጠው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ደንግጬ ጨመርኩለት። ግሩፑን እንዳልጠይቅ የግሩፑ አዋቂ እኔ ነኝ። ግሩፑ ውስጥ ወደ ላይ ወጥቼ ለሲልቨር ስፕሪንጓ የጻፍኩትን አነበብኩት። ጥሩ ምክር ነው፤ የሷ እንዲያውም አገግሟል።

በጥምቀት ማግሥት እማማ ከጎንደር ደወሉ። «ልጄ፣ ጤና አዳሜ እንዴት ሆነልኝ? እስቲ ፎቶ አንሥተህ በልጄ ቴሌግራም ላክልኝ» አሉ። በኅዳር ካነሣኋቸው ፎቶዎች መካከል ጫማው የሌለበትን መርጬ ላክሁላቸው። ወዲያው መልሰው ደወሉ።

«ኸረ እልል! አንተ እጅ ሲገባማ እንዴት ፈጥኖ ለመለመ? ምን አድርገህለት ነው?»

«ምሥጢሩ ውኃ አለማብዛት ነው እማማ» ብዬ መከርኳቸው።