ሰማንያ ስምንት የምን?

አሶሳ ወርቅ ሲመዘን አይታችሁ ከሆነ፣ ሚዛኑ አጠገብ የሚያስል ሰው እንኳ በክፉ ይታያል። ፍርፋሪ ብትጎድል ወዳጅነት ይፈርሳል። የአካባቢው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለዐፄ ምኒልክ ወርቅ ሲገብሩ መለኪያው ወቄት ነበር፤ አንድ ማርትሬዛ ብር የሚመዝነውን ያህል፣ 28 ግራም ገደማ። የዓለም ገበያ አውንስ ግን 31.1 ግራም ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ ጾሙን ያድራል።

እዚያው ከተማ ጋራዥ ስትገቡ ነገሩ ሌላ ነው። ብሎን የሚጠብቀው «እስኪያቃስት» ነው።

በነቀምትና በጊምቢ አድርጎ ያመጣን ፒክአፕ የደዴሳን ዳገት ከወጣ ጀምሮ ውኃ ሲያፈላ ነበር። አሶሳ ስንደርስ ዘይቱ ከውኃ ተቀላቅሎ ማኪያቶ መስሏል። መካኒኩ አንዴ አየና «ቴስታታው ይወርዳል፤ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል» አለ። በሞተሩ ራስ (ቴስታታ) እና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልን።

ጋራዡ ብሎን በልክ የሚያጠብቅ ቶርክ ቁልፍ ነበረው፤ አሮጌ፣ አሜሪካ ሠራሽ፣ ልኩ በፉት ፓውንድ የተጻፈ። የመኪናው መመሪያ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። የቀኝ ጠርዙ ተቆርጦ ከብሎኖቹ ማጥበቂያ ልክ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል፦ 88። መነጽር ያደረግሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ወረቀቱ እኔ እጅ ገባ።

«ጋሼ፣ ስንት ይላል?» አለኝ የመካኒኩ ረዳት ልጅ።

«88 ይላል። የምን እንደሆነ ግን ተቆርጧል።»

«ሰማንያ ስምንት ያው ሰማንያ ስምንት ነው!» አለ አለቃው ከሌላ መኪና ሥር።

ያው አይደለም። አንድ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው። መኪናው የጃፓን ነውና 88ቱ ኒውተን ሜትር ከሆነ፣ ቁልፉ መሞላት ያለበት 65 ላይ ነው። 88 ላይ ከሞሉት ብሎኑ ላይ የሚያርፈው 119 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ከሲሶ በላይ ትርፍ። በኪሎግራም ሜትር ቢጻፍ ኖሮ 9 ገደማ ይል ነበር፤ ያኔ ማንም አይሳሳትም።

እኔ በስልኬ ሳሰላ ልጁ ሥራውን ጀምሯል። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ እንደ ደንቡ። ብሎኖቹንም ዘይት ቀብቷቸዋል። ይኼ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ቁልፉ ላይ ከምናሳርፈው ኃይል ዘጠና በመቶ የሚጠጋውን የብሎኑ ራስና የጥርሱ ሰበቃ ይበላዋል፤ ቴስታታውን ጨምቆ የሚይዘው ቀሪው ነው። ዘይት ሰበቃውን ሲቀንሰው፣ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ይብስ ይወጠራል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ዳር ያለው ብሎን መጥበቁን ተወ። ቁልፉ ይዞራል፤ እጅ ላይ ግን ክብደት የለም። ብረት ሊበጠስ ሲል እንዲህ ይለሰልሳል። ልጁ «ገና ነው መሰለኝ» ብሎ ጨመረለት። ጠጭ! ግማሹ እጁ ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ።

ጉማጁ ላይ ዳዶ በይደው፣ ሲበርድ በዳዶው አዙረው አወጡት። የተረፉት ብሎኖችም ስለተወጠሩ አይታመኑም፤ ጓርኒሲዮኑም አንዴ ተጨፍልቋል። ዳግመኛ አውቶቡስ ጥበቃ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

የአሶሳ ጋራዥ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1983 እ.ኤ.አ. የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ በኪሎ መሆን ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶለት፣ ሰማይ ላይ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው፣ ጊምሊ የሚባል አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ ተንሸራቶ አርፏል። ደግነቱ ሰው አልሞተም።

እኛ ግን «የምን?» ብሎ ለመጠየቅ እንግዳ አይደለንም። ቀጠሮ ሲሰጡን «በኛ ነው በፈረንጅ?» እንላለን። ዓመተ ምሕረት ሲነገረን ሰባት ስምንት እንደምራለን፣ እንቀንሳለን። ብረት ላይ ስንደርስ ነው ቁጥር ካየን የሚበቃን።

አዲሶቹ ብሎኖች 65 ላይ ጠበቁ፤ ሞተሩም ተነሣ። ሒሳብ ስንጠይቅ አለቃው «ስድስት» አለ።

«ስድስት ምን?» አለው ሹፌራችን።

«ሺህ ነዋ! ብር ነዋ! ይኼም ይጠየቃል?»