«ፎርማት እናድርገው?»

ኮምፒውተር በርቶ ስክሪኑ ጠቁሮ የቀረበት ቤት ባለሙያ አያጣም። አንዱ «ዲቫይደሩን ንቀልና መልሰህ ሰካው» ይላል፤ ሌላው ጠጋ ብሎ የሞኒተሩን ጀርባ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። ጣሪያ ላይ አንቴና እያዞረ «አሁንስ መጣ?» ሲል ባደገ ትውልድ አይፈረድም።

የኔው ሞኒተር ደግሞ ይቀልዳል። ምስል አላሳይም ይልና «ሲግናል የለም» የሚል መልእክት በሳጥን አሽሞንሙኖ ከጥግ ጥግ ያንሸራሽራል። ማሳየት አለመቻሉን እንዲህ አሳምሮ የሚያሳይ ምን ነካው? ነገሩ ሲመረመር ግን ንጹሕ ነው፤ ጽሑፉ ከራሱ ሆድ የሚወጣ ነው፣ ኮምፒውተሩ እጁ የለበትም። ተጠርጣሪዎቹ እንግዲህ ሲፒዩውና ኬብሉ ናቸው።

ከኬብሉ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። አይቢኤም ቪጂኤን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ ወዲህ ኤችዲኤምአይም ዲስፕሌይፖርትም መጡ፤ ባለሰማያዊ ጫፉ ቪጂኤ ግን ዛሬም በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር ተጋድሟል። ግራና ቀኙ ሁለት ብሎን አለው። ሁለቱንም የሚያጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አንዷን በጣቱ ዞር ያደርግና «ይበቃታል» ይላል፤ ኬብሉም ጋደል እንዳለ ይኖራል፣ ወለል የሚወለውል ሰው ነካ ያደረገው ዕለት ይወልቃል። አጥባቂ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ በፒንሳ ነው። ሲፈታ ብሎኗ ሲፒዩው ላይ ያለውን ዳዶ ነቅላ ይዛው ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማፋታት የሽማግሌ ሥራ ነው። የታጠፈች ፒን በወረንጦ ማቃናትም አለ። ሰማያዊውን ቀለም የምትሸከመዋ ፒን ከታጠፈች ስክሪኑ ቢጫ ይሆናል፣ ያ ይቻላል፤ የማመሳሰያዋ ከሆነች ግን ጭራሽ ጨለማ ነው።

ኬብሉ ተቀይሮም እንቢ ሲል ወደ ጥገና ቤት ይኬዳል። ልጁ ሲፒዩውን ሳይከፍት፣ ኬብል እንኳ ሳይሰካ ምን ይላል? «ፎርማት እናድርገው?»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሲበራ መጀመሪያ ብቅ የሚለው የአምራቹ ምልክት እንኳ ያልታየበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ጋ መቼ ደረሰ? ሃርድ ዲስኩ ምን አደረገ? «ፎቶ አለህ ወይ? ጽሑፍ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ የለም። ስንቱ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሟች እናቱን ፎቶ ለዚህች ቃል ገብሯል! ያውም ከፍሎ! ባለቤቱ እያለቀሰ ይወጣል፣ ስክሪኑም እንደጠቆረ።

ደግሞ ልጁን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ? ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ራሙን አውጥቶ የወርቅ ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጎ መመለስ ነው። ለላጲስ ማን ይከፍላል? «ይቺን ነው?» ብለን ጥለነው እንሄዳለን። ፎርማት ግን በመቶኛ እየቆጠረ የሚሄድ ነገር አለው፤ ቁጭ ብለን እያየን ላብ የፈሰሰበት ይመስለናል።

አሁን ጎረቤቴ የስልኩን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብርቶ ያያል። የኋላ መብራቱ የሞተ ሞኒተር እንዲህ ሲደረግ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ የኔው የኋላ መብራት ደህና መሆኑን ብነግረውም አልተወም። ቀጥሎ ሲፒዩውን አስከፈተኝ። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ ሲያይ ግን ራሙንም ላጲሱንም ረሳና «ይሄ እኮ መንገዱን ቆፍረው ከተዉት ወዲህ ነው» አለ። የመንገዱ ጉዳይ ከተነሳ ቡናው በረካ ቢደርስም አያልቅ፤ ባለቤቱም ማዘጋጃ ቤት ድረስ የሄደችበትን ልትነግረን ስኒዋን አስቀምጣለች።