ስለ ትምህርት ቤት ስም አወጣጥ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ቡሪ የተደረገ ምልከታ

የትምህርት ቤት ስም አወጣጥ ከሌሎች የጥናት ዘርፎች የሚለየው ስለ ትምህርት አንድም ነገር የማያነሳ መሆኑ ነው። የሒሳብ መምህር መጥፋት፣ የወንበር እጥረትና የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር በሩብ ሰዓት ያልቃሉ። ስያሜው ግን የመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ ይከፈትና በይደር ይዘጋል። አንደኛው ተናጋሪ መሬቱን የሰጡት አያቱ መሆናቸውን ያስታውሳል። ሁለተኛው ቆርቆሮውን ማን እንዳዋጣ ይጠይቃል። ከኋላ የተቀመጡ እናት «የኔ ልጅ ታዲያ ለማን ሞተ?» ይላሉ፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። በዚህ መሀል አንድ ወጣት መምህር «ብርሃን» ቢባልስ ሲል ሐሳብ ያቀርባል። «ብርሃን» ማንንም አያስቀይምም፤ ስለዚህም ማንም አይደግፈውም።

በመስኩ እጅግ የበለጸገው ናሙና ስድስት ኪሎ አካባቢ ይገኛል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ «እንጦጦ» ተባለ። ተራራው ራሱ የምኒልክ መናገሻ እንደነበር በወቅቱ የተነሳ አይመስልም። እቴጌ መነን «የካቲት 12» ሆኖ ከርሞ ወደ እቴጌይቱ ተመልሷል። ስሙን ከሐውልቱና ከሆስፒታሉ ጋር ይጋራ በነበረበት ዘመን፣ «የካቲት 12 ወራጅ አለ» ያለው ተሳፋሪ ሊማር፣ ሊታከም ወይስ የአበባ ጉንጉን ሊያኖር እንደሆነ የታክሲው ረዳት ከፊቱ ማንበብ ነበረበት። ደርግ ለዚህ መላ አላጣም፤ «ከፍተኛ 12» የተባለ ትምህርት ቤት ሰጠን። ከፍተኛ የሚባለው የአስተዳደር እርከን ከፈረሰ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን መሥሪያ ቤቱን ቀብሮ ኖሯል።

አጥኚውን እንቅልፍ የነሳው የጄኔራል ዊንጌት ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው መኮንን ዘመቻውን ካርቱም ላይ አሰናድቶ፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በጎጃም በኩል አጅቦ ገባ። በስሙ የተሠራው ትምህርት ቤት መንግሥታት ሲፈራረቁ ስሙ አልተነካም። ደርግ የንጉሡን ስም ከየበሩ ፍቆ የአጃቢውን መተዉ ማብራሪያ ይሻል፤ ማብራሪያውም ጄኔራሉ በቀበሌው ዘመድ ያልነበረው መሆኑ ነው። የስም ጠላት ባለቤቱን ሳይሆን እዚያው ሠፈር የሚኖረውን የወንድሙን ልጅ ነው የሚጠላው።

ይህን ውብ ንድፈ ሐሳብ ካርቱም አፈረሰችው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1885 እዚያው ከተማ በሱዳናውያኑ ማህዲስቶች እጅ ተገደለ፤ እንግሊዞች ተመልሰው ሲገቡ በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅን፣ በ1924 ደግሞ ከተማዋን መልሶ በያዘው ጄኔራል ስም የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤትን ከፈቱ። ሁለቱ ጄኔራሎች ካርቱም ውስጥ አንድም የአጎት ልጅ አልነበራቸውም። ሆኖም በ1951 ተቋሞቹ ሲዋሐዱ ሁለቱም ስሞች በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በመሆኑም ንድፈ ሐሳቡ እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦ ዘመድ የሌለው እንግዳ ስሙ ይከበራል፣ በሩን ሰብሮ ካልገባ በቀር።

ልብ በሉ፤ የካርቱሙ ዩኒቨርሲቲ የተሸሸገው በከተማዋ ስም ሥር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1967 ዓ.ም. ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አዲስ አበባ ተባለና አረፈ። ቦታ አይሾምም፣ አይሻርም፣ የልጅ ልጆቹም ስብሰባ መጥተው እጅ አያወጡም። ለስያሜ ጭቅጭቅ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

መድኃኒቱ የማይሠራበት ቦታ ቡሪ ነው። ከካርቱም መሀል በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው ይህ ሠፈር አንድ አይደለም፤ ቡሪ አል-ማሐስ፣ ቡሪ አል-ደራይሳ፣ ቡሪ አል-ለማብና ቡሪ አል-ሸሪፍ አሉ። ከቅርቡ የሱዳን ጦርነት በፊት አገሩን ያልለመደ ያገራችን ሰው ለባጃጅ ነጂ «ቡሪ» ቢል፣ የሚያገኘው መልስ «የትኛው?» ነበር። እዚያ አንድ ትምህርት ቤት በደፈናው «ቡሪ» ቢባል አንዱን አስደስቶ ሦስቱን ማስኮረፉ ነው። ይህ ጥናት ከአዲስ አበባ ልምድ በመነሳት የቁጥርን አሠራር ይመክራል፦ ቡሪ 1፣ ቡሪ 2፣ ቡሪ 3 እና ቡሪ 4። ቁጥር ወገን የለውም። የሚቀረው የትኛው ቡሪ 4ኛ እንደሚሆን የሚወስን ኮሚቴ ማቋቋም፣ ከዚያም በፊት ሰብሳቢው ከየትኛው ቡሪ ይምጣ የሚለውን መጨረስ ብቻ ነው።