የስሜት አንድ ለአምስት

ደሴና ኮምቦልቻ ታድለዋል። ቢፒአር፣ ካይዘንና የለውጥ ሠራዊት ከተባሉት የመንግሥት የአሠራር ለውጦች አምልጦ ሳይታቀድ የቀረ ነገር ቢኖር የልጆች ልብ ነበር፤ አሁን ለእሱም ዕቅድ ወጣለት። «ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ካዝል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነገሩን በአምስት ከፍሎታል፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ ሌላውን መረዳት፣ መግባባት፣ በኃላፊነት መወሰን። አምስት! አንድ ለአምስት መደራጀትን ለለመደ አገር ከዚህ የተመቸ ቁጥር ከየት ይገኛል?

አወራረዱም የታወቀ ነው። የደሴ ብርድ ለስሜት ስለማይመች ሠልጣኙ ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ይወርዳል። ባነር ይሰቀላል፣ ፓድና እስክሪብቶ ይታደላል፣ «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በረጅሙ ተንፍሱ» ይባላል። ከዚያ የሠለጠነው ለክላስተሩ፣ ክላስተሩ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለመምህራኑ ያወርዳል። የቀናት ሥልጠና ተማሪው ዘንድ ሲደርስ ጠዋት ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ የምትነገር አንዲት ቃል ትሆናለች፦ «ተረጋጉ!»

ልጆቹ ያልተረጋጉት ሥልጠና አጥተው ነዋ! በ2014 መባቻ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ማደሪያ ነበሩ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደግሞ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ የተኩስ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይለያል። የመገምገሚያ ቅጽ ላይ ግን «ስሜቱን መለየት ይችላል» ከሚለው ፊት ለፊት «በከፊል» ተብሎ ይሞላለታል።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት መጣ። በ2017 መጀመሪያ ክልሉ ሊመዘግብ ካቀደው 7 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ የተመዘገበው ከግማሽ በታች ነበር። የቀሩት ራስን በመግዛት ረገድ የላቀ ውጤት ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ክፍል ውስጥ ማንንም አልረበሹም።

ትምህርቱን ጠልቼ አይደለም። ሐዘን ያደረበት ልጅ ሰሚ ይፈልጋል። ሰሚ ሁን የተባለው መምህር ግን ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍ ሰው ነው፤ የእሱ ስሜት ከአምስቱ በየትኛው እንደሚመደብ አልተወሰነም። ወሎ ላይ የከፋው ሰው ሲኖር ጎረቤት ቡና አፍልቶ ዱዓ ያደርግለታል፤ ይህ ግን ፎቶ ስላልተነሣበትና አቴንዳንስ ስላልተፈረመበት በአፈጻጸም አይያዝም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሐሳብ አለኝ። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ይቧደኑ። የቡድን መሪው ዓርብ ዓርብ የአባላቱን ሐዘን ደምሮ ለክፍል ኃላፊው ያስረክብ፤ ከተማው አጠቃሎ ለክልል በሶፍት ኮፒ ይላክ። ሐዘኑ ካለፈው ሩብ ዓመት ካልቀነሰ የማካካሻ ሥልጠና ይዘጋጅ፤ ይኼኛው እንኳ ሐይቅ ዳር ቢሆን ጥሩ ነው። አበሉ ብቻ ከወዲሁ ይታወቅ።