ለማንም የማይጠቅም ቁጥር

የቤዝቦል አዋቂ አይደለሁም። የዋሽንግተን ነዋሪ ነኝና ናሽናልስ ሲጫወቱ ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ። እስከ 2022 ግን ወርዋሪው ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ምራቁን ጢቅ አድርጎ፣ አሰላስሎ እስኪወረውር ድረስ የወጡን ሽንኩርት ከትፌ እጨርስ ነበር። ቀና ስል ኳሷ አትኖርም ነበር። ከቁጥሩ ግን መላቀቅ አቃተኝ።

ስታን ሙዚያል ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ብቻ ተጫውቶ በ1963 ሲሰናበት 3,630 ሂት፣ ማለትም መትቶ ቤዝ የደረሰበት ጊዜ፣ ነበረው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ወደ እኛ ከመለስኳቸው ወሬው ይበላሻል)። ብርቱ ሰው ነበር፤ ብርቱ ደግሞ ሞልቷል። ጉዱ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው፦ 1,815 በሜዳው፣ 1,815 በሰው ሜዳ። ርስት የሚያካፍል ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አያስተካክልም! ይህ ስለ ጨዋታው ምን ያስተምራል? ምንም። የጣመኝም ለዚሁ ነው። ዛሬ ኳሷ በደቂቃ ስንት ዙር እንደምትሽከረከር ሳይቀር በካሜራ ይለካል፤ እሱ ለአሠልጣኞች ይሁንላቸው።

ኤዲ ጌደልስ? ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠኝ ሳንቲም ነበር። በ1951 የሴንት ሉዊስ ብራውንስ ባለቤት ቢል ቬክ ተመልካች ለማስደነቅ አስገባው፤ የማልያው ቁጥር 1/8! ኳስ ያዡ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ወርዋሪው አራት ጊዜ ሞከረ፣ አራቱም ከፍ አሉ። ጌደል በሕጉ መሠረት በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄዶ በሌላ ሯጭ ተተካ፤ ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ቤዝ በመድረስ ውጤቱ እስከ ዛሬ መቶ በመቶ ነው።

በቀደም ለአንድ አሜሪካዊ ባልደረባዬ፣ «የሃንክ አሮን 755 ሆም ረኖች በሙሉ ቢሰረዙ እንኳ ከ3,000 በላይ ሂት ይተርፈዋል» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ከጠቅላላ ሂቶቹ፣ ከ3,771 ላይ፣ 755ን ቀነሰ፤ 3,016። በአክብሮት አየኝና፣ «ለመሆኑ የኢንፊልድ ፍላይ ሕግ አንተ እንዴት ነው የምትረዳው?» አለኝ።

«እሱስ ይቆየን» አልኩ ፈጠን ብዬ፤ «ጆኤል ያንግብላድን ታውቀዋለህ? በ1982 ቀን ላይ ቺካጎ ውስጥ ለሜትስ ሂት አገኘ፤ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ሞንትሪያል ቡድን ተዛወረ፤ በአውሮፕላን ፊላደልፊያ ገብቶ ማታውኑ ለአዲሱ ቡድኑ ሌላ ሂት አገኘ። ደግሞ እኮ ጓንቱን ቺካጎ ሜዳው ላይ ረስቶ፣ ተመልሶ ነው ያመጣው!»